ነገረ ፈጁ የሪስክ ኃላፊ ሲሆን

የባንክ ነገረ ፈጅ የነበረ ሰው የሪስክ ማኔጅመንት (የስጋት አስተዳደር) ኃላፊ ሆኖ ተሾመ ሲባል ደሴ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ "ሕግ የተማረ ሰው ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው?" ይላል። ሌላው "ደግ አደረጉ፣ ባንክን የሚያቃጥለው ወረቀት ነው፤ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ይያዘው" ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። እኔ ሹመቱን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። በተለይ ወሎን በመሰለ አካባቢ፣ መያዣው ቤት፣ ማስረጃው ካርታ፣ ፈራሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለውክልና በሆነበት፣ የሕግ ዓይን ያለው የሪስክ ኃላፊ ባንኩን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል። ግን አንድ ነገር ካላደረገ ሹመቱ ጭራሽ ይጎዳል። የባንኩ ጠበቃ መሆኑን ማቆም አለበት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም።

መጀመሪያ ሪስክ ክፍል ምን እንደሚሠራ እናጥራ። ቅርንጫፍ ያበድራል፣ ይቀበላል፣ ይከፍላል፣ ይልካል። ሪስክ ክፍል ከዚህ አንዱንም አይሠራም። የእሱ ሥራ "ይሄ ሁሉ ቢበላሽ ስንት እናጣለን? ያንንስ ተሸክመን መቆም እንችላለን ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2010 አሻሽሎ ባወጣው የሪስክ ማኔጅመንት መመሪያ ባንኮች የብድር፣ የጥሬ ገንዘብ እጥረት፣ የገበያ እና የአሠራር ስጋቶችን ለይተው እንዲለኩና እንዲቆጣጠሩ ይጠብቃል። የአሠራር ስጋት የሚባለው የውስጥ አሠራር፣ ሠራተኛ ወይም ሲስተም ሲበላሽ፣ ወይም ከውጭ በመጣ ነገር የሚደርስ ኪሳራ ነው። የዓለም ባንኮች የሚመሩበትን መለኪያ የሚያወጣው የባዝል ኮሚቴ ደግሞ የሕግ ስጋትን እዚሁ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ሕግ ለሪስክ እንግዳ አይደለም። ድሮም ቤቱ ውስጥ ነበር።

የሕግ ስጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ የሆነውን ማንሳት ይበቃል። ባንኮች ሀመርስሚዝና ፉልሃም ከሚባለው የለንደን አስተዳደርና ከሌሎች አስተዳደሮች ጋር የወለድ ቅያሬ ውል፣ ማለትም አንዱ ቋሚ ወለድ ሌላው ተለዋዋጭ ወለድ ለመክፈል የሚስማሙበትን ውል፣ ሲዋዋሉ ቆይተው ነበር። ጉዳዩ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ አስተዳደሮቹ መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ ውል የመግባት ሥልጣን የላቸውም አለ። በቃ፣ ውሎቹ ዋጋ አጡ። ባንኮቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ከሰሩ። ተበዳሪው ገንዘብ አጥቶ አልነበረም፣ ገበያውም አልወደቀም። ፈራሚው የመፈረም ሥልጣን አልነበረውም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ፈራሚው ሥልጣን ነበረው ወይ? ይቺ ጥያቄ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም በየቀኑ ትነሳለች።

አንድ የብድር ፋይል እንክፈት። ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው እንበል። ቤት አስይዞ የሥራ ማስኬጃ ብድር ጠየቀ። ፋይሉ ውስጥ የንግድ ፈቃድ አለ። የግብር ክሊራንስ አለ። የኢንጂነር ግምት አለ። የካርታው ኮፒ አለ። ከዕዳና እገዳ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤም አለ። የብድር ባለሙያው የቤቱን ግምት ያያል፣ የሒሳብ እንቅስቃሴውን ያያል፣ ቤቱ ብድሩን ይሸፍናል፣ ነጋዴው ይሠራል፣ ይለፍ ይላል። ስህተት የለበትም። የታዘዘውን ነው የሠራው።

ነገረ ፈጅ የነበረ ሰው ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው። ነጋዴው ባለትዳር ነው? ከሆነ ሚስቱ ፈርማለች? የጋራ በሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ለሌላ ሰው መብት ለመስጠት የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ካልፈረመች መያዣውን መቃወም ትችላለች። ቀጥሎ፣ ካርታው በማን ስም ነው? በሟች አባት ስም ከሆነ ወራሾቹ ስንት ናቸው? አንዷ እህት ጅዳ ናት፣ አንዱ ወንድም አዲስ አበባ ነው፣ ሁለቱም ለነጋዴው ውክልና ልከዋል። ውክልናው "እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ጉዳዬን እንዲያስፈጽም" ይላል። አስይዞ እንዲበደርስ ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ ልጁ ዓረብ አገር እንዳለ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ የመጽሐፍ ምሳሌ አይደለም፣ የሰፈር ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። የመያዣ ውል ተፈረመ ማለት መያዣ ተገኘ ማለት አይደለም። በቁጥር 3052 መሠረት መያዣው ውጤት የሚኖረው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ምዝገባውም ዘላለማዊ አይደለም። 10 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ መታደስ አለበት። ከጦርነቱ በኋላ የመክፈያ ጊዜው የተራዘመለት ብድር ላይ ይቺን አሥር ዓመት የሚቆጥር ሰው ከሌለ፣ ባንኩ አንድ ቀን ብድሩ ሳያልቅ መያዣው አልቆ ያገኘዋል። የኢንጂነር ግምቱ አሁንም ፋይሉ ውስጥ ያምራል። ከጀርባው ያለው መብት ግን ተንኗል።

እስከዚህ ድረስ የሕግ ሰው ያሸንፋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነገረ ፈጅ ይሄን ፋይል ሲያገኝ ያስተካክለዋል። ሚስትየው መጥታ ትፈርም ይላል፣ ውክልናው ተሻሽሎ ይምጣ ይላል፣ ይጨርሳል፣ ወደሚቀጥለው ፋይል ይሄዳል። የሪስክ ኃላፊ ግን እዚህ ጋ ማቆም የለበትም። "በደሴ ዲስትሪክት ስር እንዲህ ዓይነት ውክልና ያለባቸው ፋይሎች ስንት ናቸው? ጠቅላላ ብድራቸው ስንት ነው? ግማሾቹ መያዣቸው ቢፈርስ ካፒታላችን ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ሕግ ያሠለጠነው አንድን ጉዳይ እስከ ጥጉ እንዲያይ ነው። ሪስክ ደግሞ ሺህ ጉዳይን በአንድ ቁጥር ማየት ይፈልጋል። ይሄን ልማድ ያልቀየረ ሰው ቢሮውን ቀየረ እንጂ ሥራውን አልቀየረም።

በ2014 የሆነውን እናስታውስ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ቆዩ። ወልዲያና ቆቦ ከዚያ በፊት ነበር ጣጣው የጀመራቸው፣ ቆቦ ደግሞ በ2014 ማብቂያ እንደገና ተያዘች። ሱቆች ተዘረፉ፣ መጋዘኖች ባዶ ቀሩ፣ የባንክ ቅርንጫፎች ተጎዱ። ሰላም ሲመለስ ባንክና ተበዳሪ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ተበዳሪው "ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ነው የገጠመኝ" አለ። እውነቱን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 እና 1793 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይልን ይደነግጋሉ፣ የእርስ በርስ ጦርነትንም በስሙ ይጠቅሱታል። ግን ያው ሕግ ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ እንዳይቻል ያደረገ መሆን አለበት ይላል፤ ከበደኝ ማለት አይበቃም። ብር የመክፈል ግዴታ ደግሞ ዕቃ እንደ ማስረከብ አይደለም፤ መጋዘን ተቃጠለ ማለት ብር ከዓለም ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ባንኩ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፍበት መንገድ አለው።

የባንኩ ጠበቃ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። የሪስክ ኃላፊው ግን ፈገግ ማለት የለበትም። ቢያሸንፍስ? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ውሉ ውስጥ ከተስማሙ፣ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጨረታ መሸጥ ይችላል። ትልቅ ሥልጣን ነው። ግን ከጦርነት በወጣች ከተማ ሃያ ቤት በአንድ ወር ለጨረታ ብታወጣ ማን ይገዛል? በስንት ይገዛል? የመጀመሪያው ጨረታ ተጫራች ሳይቀርብበት ይቀራል፣ ሁለተኛው ይወጣል፣ ባንኩ ራሱ ቤቱን ይረከባል፣ ያልፈለገው ቤት ባለቤት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጊዜው ይሄዳል፤ ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል፣ ለኪሳራው መጠባበቂያ ይያዝለታል፣ እየቆየ ሲሄድ መጠባበቂያው መቶ በመቶ ይደርሳል። በሕግ አሸንፈህ በሒሳብ መክሰር ማለት ይሄ ነው። ለሪስክ ኃላፊው "መብት አለን ወይ?" የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ዋናው "መብታችን መቼ፣ በስንት ብር ወደ ጥሬ ገንዘብ ይቀየራል?" የሚለው ነው።

ከዚህም የሚብሰው ስብስቡ ነው። ኮምቦልቻን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ደረቅ ወደብ አላት፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቲና የሚሌ መንገድ መነሻ ናት። ፓርኩ ውስጥ ፋብሪካ ያለው፣ ለሠራተኛው ቤት ያከራየው፣ ምግብ ቤት የከፈተው፣ ሰርቪስ ያስገባው፣ ሁሉም ከባንክ ተበድሯል እንበል። በፋይል ደረጃ አራት የተለያዩ ብድሮች ናቸው። አራቱም ሕጋዊ፣ አራቱም የተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ግን ወደ አሜሪካ የሚልክ ፋብሪካ ትእዛዝ ያጣል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ተከራይ ይወጣል፣ ምግብ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ሰርቪሱ ይቆማል። አራቱ ብድሮች አንድ ብድር ነበሩ። ይሄ በየትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም። ውል በማንበብ አይገኝም። ለዚህ ነው የሕግ ሰው ሲሾም ከጎኑ ቁጥር የሚበላ ሰው፣ ሞዴል የሚሠራ፣ ሒሳቡን ጨምቆ "ይሄን ያህል ነው" የሚለው ሰው የግድ መቀጠር ያለበት። ራሱም ቁጭ ብሎ መማር አለበት። ሠራተኛው የሠራለትን የጭንቀት ፈተና (ክፉ ጊዜ ቢመጣ ባንኩ ይቆማል ወይ የሚለውን የሚለካ) ሪፖርት ፈርሞ ለቦርድ የሚያቀርብ ግን ጥያቄ የማይጠይቅበት ኃላፊ አደገኛ ነው።

ወሎ ላይ የሕግ ሰው በተለይ የሚያስፈልግበት አንድ ሌላ ቦታ አለ። ወለድ አልባ ባንክ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ የሙስሊሙ ቁጥር ብዙ ነው፣ ፍላጎቱም ትልቅ ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ሆኖ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በሌሎች ባንኮች ውስጥ በመስኮት ደረጃ ያለውም አገልግሎት ሰፍቷል። ሙራባሃን እንውሰድ። ባንኩ ገንዘብ አያበድርም። ዕቃውን ራሱ ይገዛል፣ ከዚያ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል። ቅደም ተከተሉ ነው ሁሉ ነገር። ባንኩ ዕቃውን የራሱ ሳያደርግ ለደንበኛው የሽያጭ ውል ካስፈረመ፣ የሸጠው የሌለውን ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ደንበኛው እጅ ከገባና ደረሰኝ ብቻ ከተያያዘ ደግሞ ነገሩ ስሙን የቀየረ ብድር ሆነ። ሸሪዓውን የሚያይ አማካሪ ትርፉን አይቀበልም፣ ደንበኛው እምነት ያጣል፣ በከተማችን ደግሞ ወሬ ከመስጊድ እስከ ገበያ ለመድረስ አንድ ጁምዓ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ስጋቱ ያለው በሁለት ሰነዶች ቀንና ሰዓት መካከል ነው። የማንን ውል ማን ቀድሞ ፈረመ የሚለውን ማየት የለመደ ሰው ይሄን ቶሎ ያየዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ጠበቃ ለደንበኛው ይቆማል። ሙያው ነው፣ ነውር የለበትም። ድክመቱን ይሸፍናል፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ በሌላው ላይ ያተኩራል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ባንኩ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ "እንዴት እንከላከላለን?" የሚል ነው። የሪስክ ኃላፊ ግን የራሱን ቤት ነው የሚመረምረው፤ ያገኘውንም ለቦርድ በግልጽ መናገር አለበት፣ ፕሬዚዳንቱን ቢያስቆጣም።

መጋቢት 2016ን አስቡ። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደ ገለጸ፣ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለጠፈ፣ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። ያልሆነልህን ገንዘብ መውሰድ ያስጠይቃል፣ መመለስ ግዴታ ነው። ጠበቃ እዚህ ጋ ሥራውን ጨርሷል። ሪስክ ግን እዚህ ጋ ይጀምራል፦ ሲስተሙ ላይ ለውጥ ሲደረግ ማን ሞከረው? ማን ፈቀደ? በሌሊት የወጪው መጠን ከልክ ሲያልፍ ማንቂያ የሚሰጠው ነገር የት ነበር? ስንት ሰዓት ፈጀ ለማቆም? ይሄን ጥያቄ የትኛውም ባንክ ውስጥ ያለ የሪስክ ኃላፊ መጠየቅ ያለበት ነው፣ ጠበቃ ግን እንዲህ ዓይነቱን መልስ በጽሑፍ ማስቀመጥ አይወድም፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርብብናል ብሎ ይሰጋል።

ለዚህ ነው ሁለቱን ወንበር አንድ ሰው መያዝ የሌለበት። የባዝል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የባንክ አስተዳደር መርሆዎች ላይ ዋናው የሪስክ ኃላፊ ሌላ የሥራ አመራር ኃላፊነት ደርቦ እንዳይዝ፣ ቦርዱንም በቀጥታ ማግኘት እንዲችል ይመክራል። እኛ አገር ግን ሰው ሲጎድል መደረብ የተለመደ ነው። "ለጊዜው ሕግ ክፍሉንም ያዝልን" ይባላል። ያ ጊዜያዊ ነገር ሁለት ዓመት ይሆናል። ያኔ ውሉን ያረቀቀው፣ ክሱን የሚከራከረው፣ ውሉ ስጋት አለው ወይ ብሎ የሚፈትሸው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ማን ራሱን ይከሳል?

ሌላው መማር ያለበት ነገር የሕግ ለውጥና የዋጋ ለውጥ ልዩነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኮምቦልቻ ያለ አስመጪ ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ እከፍላለሁ የሚልበት ሰነድ) የከፈተው በድሮው ዋጋ ነው፣ ዕቃው ሲደርስ የሚከፈለው በአዲሱ ነው። ልዩነቱን ማን ይሸከማል ለሚለው ውሉ መልስ አለው፤ ብዙ ጊዜ ደንበኛው ነው። ግን ደንበኛው ልዩነቱን መክፈል ካቃተው፣ በውሉ የደንበኛው የነበረው ኪሳራ በተግባር የባንኩ ይሆናል። በወረቀት ለሌላው ያስተላለፍከው ስጋት፣ ያ ሌላው ሲወድቅ ተመልሶ አንተው ጋ ነው የሚመጣው። የሕግ ሰው ይሄን በጭንቅላቱ ያውቀዋል፣ በልማዱ ግን ስጋቱ ውል ላይ ከተላለፈ አለቀ ብሎ ይተኛል።

ታዲያ ለምን እደግፋለሁ? ምክንያቱም የሚመጣው ጊዜ የሕግ ጊዜ ነው። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባንክ በደንበኛው መረጃ ላይ የሚያደርገውን አጥብቋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ማሽንን፣ ከብትን፣ ምርትን ሳይቀር ለብድር መያዣ አድርጓል። ለራያ ከብት አርቢና ለሐይቅ አካባቢ ገበሬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን በሬ እንደ ቤት አይቆምም፤ ይሸጣል፣ ይሞታል፣ ድንበር ይሻገራል። ሕጉን የሚያውቅና የወሎን ገበያ የሚያውቅ ሰው አንድ ላይ ካልተቀመጡ ወይ ባንኩ ገበሬውን ይፈራዋል፣ ወይ ሳያውቅ ይገባበታል። ካርታ ለሌለው ሰው ብድር የሚደርሰው እዚህ ጋ የተሻለ ሥራ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሪስክ የባንክ የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ወሎ ውስጥ ሕግ የሚያጠኑ ልጆች ስለዚህ መንገድ ቢያስቡ ደስ ይለኛል። ጥብቅናና ዳኝነት ብቻ አይደለም ያለው። ግን ከአሁኑ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ይልመዱ፣ ኤክሴል ይልመዱ፣ ዕድል ካገኙ አንድ ዓመት ብድር ክፍል ይሥሩ። ደንበኛ ሱቁ ድረስ ሄዶ መደርደሪያውን ማየት የየትኛውም ኮርስ ያህል ያስተምራል።

ለቦርድ አባላት ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰውየውን ከመሾማችሁ በፊት በክርክር ያሸነፈውን ጉዳይ አትጠይቁት፣ እሱን ያወራላችኋል። ሦስት የደሴ ዲስትሪክት የብድር ፋይል ስጡት፣ አንድ ቀን ስጡት። ሲመለስ ጉድለቶቹን ዘርዝሮ ብቻ ከመጣ ጎበዝ ነገረ ፈጅ ነው፣ እዚያው ሕግ ክፍል ያቆዩት። "የቀሩትን ፋይሎች ዝርዝር ስጡኝ፣ እነዚህ ጉድለቶች ስንት ቦታ እንዳሉ ልቁጠር" ካለ ግን ሹሙት፣ የሕግ ክፍሉን ቁልፍም በዚያው ቀን ለሌላ ሰው አስረክቡ።